ሁለት ወንበር ከጌዴኦ

(ድምፅ፦ የዲላ መናኸሪያ። የባጃጅ ጡሩንባ፤ «ይርጋጨፌ! ይርጋጨፌ!» የሚል የረዳት ጥሪ። ድምፁ ቀስ በቀስ ይቀንሳል።)

ተራኪ፦ ሐምሌ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ የስድስተኛውን አጠቃላይ ምርጫ ውጤት አሳወቀ። ብልጽግና 410 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር መጠቅለሉ ያስደነቀው ሰው ብዙ አልነበረም። ከሥር ትንንሽ ቁጥሮች ተከተሉ። አብን 5። ኢዜማ 4። የግል ዕጩዎች 4። የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት (ጌሕዴድ) 2። የመጨረሻውን ስም፣ ከዲላ ራቅ ብሎ የሚኖር አድማጭ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰምቶት ይሆናል።

ጌዴኦ ጠባብ ዞን ነው። ከሐዋሳ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልት ዲላን፣ ወናጎንና ይርጋጨፌን እያቋረጠ ያልፋል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ትልልቅ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንኑ መልክዓ ምድር ነው። ዞኑን ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ያስተዳደረው የኢሕአዴግ አባል ድርጅት ደኢሕዴን፣ ኋላም እሱ የከሰመበት ብልጽግና ነው። መዋቅሩ፣ መኪናው፣ ካድሬው፣ ልምዱም የገዢው ፓርቲ ነበር። ታዲያ መራጩ በሁለት የምርጫ ክልል ይህን ሁሉ ትቶ፣ ሥልጣን ላይ ወዳልነበረ ድርጅት ለምን ሄደ?

(ሙዚቃ፦ አጭር።)

ተራኪ፦ መልሱን ለመፈለግ ሦስት ዓመት ወደኋላ እንመለስ። መጋቢት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. የገዢው ግንባር የኢሕአዴግ ምክር ቤት ሊቀ መንበሩን ለመምረጥ በዝግ ተሰበሰበ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ ጠይቀዋል፤ አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ናት። ከዕጩዎቹ አንዱ የደኢሕዴን ሊቀ መንበር ሽፈራው ሽጉጤ ናቸው። የደቡብ ክልል ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ። ዲላም የምትተዳደረው በእሳቸው ፓርቲ ነው። ሌላው የ41 ዓመቱ ዐቢይ አሕመድ። ዐቢይ 108 ድምፅ አገኙ፤ ሽፈራው 59።

መራጩ ሕዝብ አልነበረም፤ የአንድ ግንባር ሹማምንት ናቸው። ሆኖም ሹማምንቱ ከደጅ የሚሰማውን ጩኸት ያውቁት ነበር። በዚያ ሰሞን ረጅም የሥራ ታሪክ የሚቆጠረው በጥፋት ነበር። ክልል መርቻለሁ፣ ሚኒስቴር መርቻለሁ ለሚል ሰው የሚቀርብለት ጥያቄ «ታዲያ ይሄ ሁሉ ሲሆን የት ነበሩ?» የሚል ነው። ዐቢይም ቢሆኑ ከውጭ የመጡ አልነበሩም። በሠራዊቱ፣ በመረጃ መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር አልፈዋል። አዲስ ያደረጋቸው ንግግራቸው ነው። መጋቢት 24 የጠቅላይ ሚኒስትርነት ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ይቅርታ ጠየቁ። እንዲህ ያለ ቃል ከቤተ መንግሥት የማይጠብቅ ሕዝብ በየካፌው ቴሌቪዥን ስር ቆሞ ሰማ፤ ያለቀሰም ነበር።

(ድምፅ፦ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ።)

ተራኪ፦ ወር ሳይሞላ፣ በሚያዝያ፣ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ ግጭት ፈነዳ። በሰኔ አገረሸ። ክረምቱ ሲገባ ከ800 ሺህ በላይ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሎ ነበር፤ በዚያ ዓመት ከዓለማችን ትልልቅ የአገር ውስጥ መፈናቀሎች አንዱ ነው። ትምህርት ቤቱ፣ አዳራሹ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ግድግዳ ያልቆመለት ጅምር ሕንጻ ሳይቀር መጠለያ ሆነ። የአዲስ አበባው የተስፋ ወሬና የጌዴኦዋ የገደብ ወረዳ ጭቃ በአንድ የዜና ሰዓት ይተላለፉ ነበር፤ እርግጥ ለጭቃው የሚሰጠው ደቂቃ ያንስ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ገደብ ወረዳ ጎቲቲ ድረስ መጥተው ተፈናቃዮችን ያዩት በመጋቢት 2011 ነው፤ የረሃብ ምስል አደባባይ ከወጣ በኋላ።

ስለዚህ ሰኔ 14 ቀን 2013 የጌዴኦ መራጭ ኮሮጆው ፊት ሲቆም፣ የ2010ሩ አዲስ ሰው ባለወንበር ሆኗል። ተጠያቂም እሱ ነው። ጌሕዴድ ደግሞ በዕድሜ አዲስ አይደለም፤ ስሙ ከሽግግሩ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ድርጅት ነው። አዲስ ያደረገው አለመሾሙ ነው። መፈናቀሉ በደረሰበት ጊዜ የሱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ የለም። ለእኔ የሁለቱ ወንበር ምሥጢር ከየትኛውም የቅስቀሳ ንግግር ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

ባለወንበሩን ትቶ አዲስ ሰው መምረጥ የጌዴኦ ብቻ ጠባይ አይደለም። በ1997 የኢሕአዴጉ ከንቲባ አርከበ እቁባይ አዲስ አበባን በመንገድና በቤት ግንባታ ሲያነቃቁ ተቃዋሚው ሳይቀር መስክሮላቸዋል። በግንቦት ምርጫ ግን ከ138 የከተማው ምክር ቤት ወንበሮች 137ቱን ተቃዋሚው ቅንጅት ወሰደ። ሕዝቡ ሥራውን አይቷል፤ የመረጠው ግን ሥራውን አልነበረም። በ2011 ዩክሬን ውስጥ ዜለንስኪ፣ በቴሌቪዥን ፕሬዚዳንት ሆኖ የተወነ ኮሜዲያን፣ ሥልጣን ላይ የነበሩትን ፖሮሼንኮን በ73 በመቶ ድምፅ አሸነፈ።

(ድምፅ፦ ሰዎች ከዛፍ ጥላ ሥር በጌዴኦፋ ሲነጋገሩ።)

ተራኪ፦ «ሕዝብ ልምድ ይንቃል» የሚለውን ትችት ጌዴኦ ላይ ማጽናት ግን ያስቸግራል። ሶንጎ በሚባለው ባህላዊ ሸንጎ ላይ የሚቀመጠው ሽማግሌ ነው፤ ቃሉ የሚከበረው ብዙ ስላየ ነው። ባሌ በሚባለው የጌዴኦ የገዳ ሥርዓት ሰው ከእርከን ወደ እርከን እየተሸጋገረ ነው ለሹመት የሚደርሰው። ያልበሰለ አይሾምም። አባ ገዳው ግን 8 ዓመቱ ሲሞላ ያስረክባል። ጎበዝም ይሁን ደካማ፣ ቢወደድም ባይወደድም ያስረክባል። ካስረከበ በኋላ ልምዱ አብሮት አይጣልም፤ መካሪ ይሆናል። ከወንበሩ የማይነሣ ባለልምድ ለዚህ ባህል እንግዳ ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት አንድ መዋቅር ሲያይ የኖረ መራጭ፣ የርክክቡን ቀን በራሱ ብዕር ለመቁረጥ ቢሞክር ምን ይገርማል?

አዲስ ሰው ግን ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ብዙ አይራመድም። የተወካዮች ምክር ቤት በሕግ 547 መቀመጫ አለው፤ ሁለት ድምፅ ረቂቅ አዋጅ አይጥልም፣ በጀት አያዛውርም። ጥር 29 ቀን 2015 በስድስት ዞኖችና በአምስት ልዩ ወረዳዎች አዲስ ክልል ለመመሥረት ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ ጌዴኦም ከስድስቱ አንዱ ነበር። ከዚያ የተወለደው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ዲላን ከማዕከላቱ አንዷ አደረጋት። ክልሉን የመመሥረት ውሳኔው ግን በየዞኑ ምክር ቤት፣ በፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ በገዢው ፓርቲ ውስጥ የተሠራ ነው። ሁለቱ ወንበሮች የሚችሉት እጅ አውጥቶ መጠየቅ ነው፦ የተፈናቃዩ ካሳ የት ደረሰ፣ የገበሬው ቡና በስንት ተሸጠ፣ መንገዱ ለምን ቆመ። መልስ ቢገኝም ባይገኝም ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። መራጩም ይህን ይዞ ይቆጥራል፤ የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን 5 ዓመት ነው፣ ከአባ ገዳው በ3 ያነሰ።