ሪቮልቨር በደባርቅ ከፍታ ላይ

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዳባትም ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ አዲስ ሪቮልቨር ይዞ ዒላማ ላይ የሚሞክር ሰው፣ ሽጉጡ በደጋ የተሻለ ይመታል ብሎ ሊገምት ይችላል። ዒላማው ላይ ለውጡ አይታይም። ለውጡ የሚታየው ዒላማውን ስቶ በሚያልፈው ጥይት ላይ ነው።

መጀመሪያ መሣሪያውን እንየው። ሳሙኤል ኮልት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1836 ያስመዘገበው የፈጠራ ሐሳብ እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። ከአፈሙዙ በስተኋላ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት ይሽከረከራል። መምቻውን በአውራ ጣት ወደኋላ ሲስቡት አንዲት ትንሽ ጥርስ ክቡን ብረት ትገፋዋለች፤ ቀጣዩ ጥይት ከአፈሙዙ ፊት ለፊት ሲደርስ ሌላ መቆለፊያ ከታች ቀጭ ብሎ ይይዘዋል። አዲስ መሣሪያ እጅ ሲገባ መጀመሪያ የሚመረመረው ይህ ነው፤ ክቡ ብረት ከተቆለፈ በኋላ የሚወዛወዝ ከሆነ ጥይቱ አፈሙዙን ቀጥ ብሎ አያገኘውም።

በክቡ ብረትና በአፈሙዙ መካከል ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰ ክፍተት አለ። ያለዚህ ክፍተት ብረቱ አይሽከረከርም። ባሩዱ ሲቃጠል ግን በዚያች ስንጥቅ ትኩስ ጋዝ በግራና በቀኝ ይተኮሳል፤ ጥቂት ጥይት ከተተኮሰ በኋላ በክፍተቱ ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ተጋግሮ የሚታየው ለዚህ ነው። ጠመንጃ የለመደ ሰው ሁለተኛ እጁን ወደፊት ዘርግቶ ሪቮልቨርን ከያዘ ጣቱ በዚያ ጋዝ ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

አሁን ወደ ርቀቱ። በሴኮንድ 250 ሜትር የሚጓዝ የሽጉጥ ጥይት 25 ሜትር ለመድረስ አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የምድር ስበት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይጎትተዋል። ርቀቱ 100 ሜትር ሲሆን ዝቅታው ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። የአየሩ መሳሳት በ25 ሜትር ላይ የሚያመጣው ልዩነት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ትልቁ ስህተት የሚመጣው ከአየሩ ሳይሆን ከእጅ ነው። የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያ በ15 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ የፊቱ በአንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ሲዛነፍ ጥይቱ በ25 ሜትር ላይ 17 ሴንቲ ሜትር ይስታል፤ በ100 ሜትር ላይ ደግሞ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ። ማነጣጠሪያዎቹ በግማሽ ሜትር የሚራራቁበት ጠመንጃ በዚያው መዛነፍ በ25 ሜትር የሚስተው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ላይ በአውራ ጣት ፈንታ ምላጩን ስቦ መምቻውን ጭምር ማስነሳት ጠንካራ ጉልበት ስለሚጠይቅ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሽጉጥ የቅርብ መሣሪያ የሆነው ለዚህ ነው።

ታሪካችንም በሽጉጥ የሚያስታውሰው ቅርብ ርቀትን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያጠፉት ንግሥት ቪክቶሪያ በላከችላቸው ሽጉጥ ነበር።

የሳሳው አየር ግን ሥራ አልፈታም። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ሲመለስ ፍጥነቱን የሚገታው የአየሩ ተቃውሞ ብቻ ነው፤ አየሩ ሩብ ያህል ሲሳሳ የመውደቂያ ፍጥነቱ 15 በመቶ ያህል ይጨምራል። በቀጥታ ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ሲወድቅ በሴኮንድ ከ60 ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል፤ ይህ ቆዳን ለመብሳት የሚበቃ ፍጥነት ነው። አዘንብሎ የተተኮሰው የባሰ ነው፤ ከመነሻ ፍጥነቱ የተወሰነውን ይዞ ስለሚወርድ ከመነሻው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሰው ሊገድል ይችላል፤ የክላሽ ጥይት ደግሞ ከዚህም እጅግ ይርቃል። በደባርቅ አጠገብ በሊማሊሞ ጫፍ ላይ ወደ ገደሉ የተተኮሰ ጥይት የሚቀበለው መሬት እጅግ ወደ ታች ስለሚገኝ ይበልጥ ርቆ ይበርራል። ተኳሹ የት እንዳረፈ ሊያይ አይችልም፤ ታች መንገድና መንደር፣ እረኛና ከብት አለ።

በየሠርጉና በየለቅሶው የሚተኮሰውን ጥይት ብዙዎቻችን እንደ ክብር እንቆጥረዋለን። ክብሩን አልነሳም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ጥይት የሆነ ቦታ ይወርዳል፤ በእኛ ደጋ ላይ ደግሞ በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል። መሣሪያ መሞከር የሚፈልግ ሰው ከዒላማው ኋላ ወፍራም የአፈር ግድግዳ ባለበት፣ ፈቃድ በተሰጠው ቦታ ይሞክር። ሽማግሌዎችና የሠርግ አባቶች ደግሞ ግብዣው ሳይጀመር አንድ ቃል ይናገሩ፦ ዛሬ በዚህ ግቢ ጥይት አይተኮስም።