«አሞኛል አለች» — የታመመችው ማን ናት?

ጄኔቫ ውስጥ በአንድ ሆቴል የጽዳት ሥራ ላይ የተሰማሩ ሁለት ኢትዮጵያውያት አሉ እንበል። አንደኛዋ ማለዳ ለጓደኛዋ ስልክ ትደውልና «አሞኛል፤ ዛሬ አልገባም፤ ለአለቃችን ንገሪልኝ» ትላታለች። ጓደኛዋም አደራ ተቀብላ፣ ፈረንሳይኛው ገና አልገራ ስላላት፣ አገር ቤት በተማረችው እንግሊዝኛ «ሺ ሴድ አይ አም ሲክ» ብላ ትናገራለች። አለቃው መጥረጊያ ይዛ ፊቱ የቆመችውን ሴት ከእግር እስከ ራሷ አይቶ «ከታመምሽ ታዲያ ለምን መጣሽ?» ይላታል።

ነገሩ ያስቃል። ይሁን እንጂ ስሕተቱ የእንግሊዝኛ እውቀት ማነስ ብቻ አይደለም፤ ሥሩ አማርኛ ውስጥ ነው፤ አማርኛ ውስጥ ደግሞ ከነጭራሹ ስሕተት አይደለም። «አሞኛል አለች» ሲባል «አሞኛል» የሚለው ቃል የአድራሹ አይደለም፣ የላኪዋ ነው። አማርኛ የሰውን ቃል ከነ«እኔ»ው አንሥቶ፣ ሳይነካ ሳይለውጥ ያደርሳል። ነፍስ የሌለው ነገር እንኳ በዚሁ ደንብ ይናገራል፦ መኪናው አልነሣ ይላል፣ በሩ አልከፈት ይላል፣ እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ ሽሮው አልበስል ይላል።

እንግሊዝኛ ግን መልእክተኛውን ከራሱ ቦታ አያንቀሳቅሰውም። በንጉሡና በደርግ ዘመን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለነበር፣ በዚያ ያለፈ ሁሉ «ዳይሬክት ስፒች»ን ወደ «ኢንዳይሬክት ስፒች» ለውጥ እየተባለ ደብተር ሞልቷል። ደንቡ ዛሬም ያው ነው። የላኪዋ «አይ» በመልእክተኛዋ አፍ «ሺ» ይሆናል። ግሡም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፦ «አም» «ወዝ» ይሆናል፣ «ዊል» ወደ «ዉድ» ይለወጣል። ስለዚህ ለአለቃው መነገር የነበረበት «ሺ ሴድ ሺ ወዝ ሲክ» ነው። የጊዜ ቃሎችም አብረው ይነሣሉ፤ «ቱሞሮው» የተባለው ከቀናት በኋላ ሲወራ «ዘ ኔክስት ዴይ» ይባላል፤ የዚያን ዕለቱ ነገ ዛሬ ነገ አይደለምና።

ደንቡ ግን መምህራኑ በአለንጋ ያስጠኑትን ያህል ግትር አይደለም። የተነገረው ነገር አሁንም እውነት ከሆነ ግሡ ባለበት ቢቀር ችግር የለውም። «እናቴ ጎንደር እኖራለሁ አለች» ለማለት «ሺ ሴድ ሺ ሊቭስ ኢን ጎንደር» ቢባል እንግሊዙ ራሱ እንዲሁ ይላል። የማይታለፈው የሰውየው ለውጥ ነው። ግሡን የሳተ ሰው እንግሊዝኛው ደካማ ነው ይባላል፤ «አይ»ን በቦታዋ የተወ ሰው ግን ሌላ ታሪክ ተናግሯል።

ጥያቄ ሲወራም ያው ነው። «የት ነው የምትኖረው አለኝ» ለማለት «ሂ አስክድ ሚ ዌር አይ ሊቭድ» ይባላል፤ «ዱ ዩ» የሚለው ይወድቃል። በነገራችን ላይ «ሂ ሴድ ሚ» የሚለው አነጋገር የአብዛኛው አበሻ መታወቂያ ነው። «አለኝ» ከሚለው ቃል በቀጥታ የተቀዳ ነውና አይፈረድበትም፤ ሆኖም እንግሊዝኛ ለማን እንደተነገረ ሲጠቅስ «ቶልድ ሚ» ነው የሚለው።

ይህን ደንብ በሚገባ የያዘ ሰው ጄኔቫ ላይ ብዙ አይቸገርም፤ ፈረንሳይኛም በዚሁ መንገድ ይሄዳልና። «ኢል አ ዲ ኪል ኤቴ ማላድ» ሲባል ሰውየውም ጊዜውም እንደ እንግሊዝኛው ተለውጧል። ዙሪክ ግን ሌላ ነው። ጀርመንኛ የሰውን ወሬ የሚያወራበት የተለየ የግሥ መልክ አለው፤ «ኤር ኢስት ክራንክ» የነበረው «ኤር ዛይ ክራንክ» ይሆናል። ትርጉሙ «ታሟል፣ ይህን ያለው ግን እሱ ነው» እንደ ማለት ነው። ጋዜጦች እንዲህ ይጽፋሉ፤ ዛንክት ጋለን ያለው የፌዴራል አስተዳደር ፍርድ ቤትም በጀርመንኛ ውሳኔዎቹ የጥገኝነት ጠያቂውን ታሪክ የሚዘግበው በዚህ መልክ ነው። ደብዳቤው የደረሰው ሰው በየመስመሩ «ዛይ» የሚለውን እያየ «አላመኑኝም ማለት ነው» ብሎ መደንገጥ የለበትም። ማመን አለማመናቸው የሚገኘው ከታች፣ ዳኞቹ በራሳቸው ቃል በሚጽፉት ምክንያት ውስጥ ነው።

የአማርኛው አነጋገር የፈላስፎችን ራስም አዙሯል። ዴቪድ ካፕላን የተባለ አሜሪካዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመ ሥራው፣ በሌላ ሰው ንግግር ውስጥ ገብቶ የ«እኔ»ን ባለቤት የሚለውጥ ቃል እንግሊዝኛ ውስጥ የለም፣ ሊኖርም አይችልም ብሎ ተከራከረ፤ እንዲህ ያለውን ነገርም «ጭራቅ» አለው። ኋላ ፊሊፕ ሽሌንከር የተባለ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ጽሑፍ ጭራቁ በሕይወት እንዳለ አሳየ፤ ዋነኛ ምስክሩም አማርኛ ነበር፤ ምሳሌው ራሱን ጀግና ነኝ ስለሚል ስለ አንድ ጆን ነው። እናቶቻችን ቡና እያፈሉ ሲያወሩት የኖሩት ዐረፍተ ነገር ጭራቅ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ጄኔቫ አማርኛን በትርጉም መስማት የጀመረችው ዛሬ አይደለም። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ፣ ፈረንሳይኛ እያወቁ በአማርኛ ተናግረዋል፤ የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨት ቢረብሿቸውም ንግግራቸው ተተርጉሞ ለዓለም ደርሷል። የስደተኞች ስምምነት የተፈረመውም እ.ኤ.አ. በ1951 በዚችው ከተማ ነው። ስምምነቱ የሚጠይቀው ጠያቂው በራሱ ላይ ይደርስብኛል የሚለውን፣ በቂ ምክንያት ያለውን ፍርሃት ነው። እንግዲህ «እኔ» ማን እንደሆነ መለየት የሰዋስው ክርክር ብቻ ሆኖ የማይቀረው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጠያቂ ለመርማሪው «ጓደኛዬ ወረቀቱን የበተንኩት እኔ ነኝ ብሎ ለፖሊስ ተናገረ» አለ እንበል። ጓደኛው በራሱ ላይ አመነ? ወይስ ጠያቂውን አሳልፎ ሰጠ? በአማርኛ ሁለቱም ያስኬዳል፤ የሚለየው በድምፅ አጣጣልና ከፊትና ከኋላ በተነገረው ነው። አስተርጓሚ እንደ ሙያው ልማድ ጠያቂውን ወክሎ «እኔ» እያለ ነው የሚተረጉመው። ደክሞት ወይም ቸኩሎ የጓደኛውን «እኔ» ሳይለውጥ ካሳለፈው፣ ፕሮቶኮሉ ላይ ወረቀት በታኙ ጠያቂው ይሆናል። በሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ሌላ አስተርጓሚ በትክክል ሲተረጉመው በታኙ ጓደኛው ይሆናል። የስዊስ የጥገኝነት ሕግ አንቀጽ 7 ደግሞ በዋና ነጥብ ላይ እርስ በርሱ የሚጋጭ ቃል ተአማኒነት የለውም ይላል። ሰውየው አልዋሸም፤ አስተርጓሚውም ተንኮል አላሰበም። «ነገ ይመጡብሃል አለኝ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ የየትኛው ቀን ነገ እንደሆነ ካልተነገረ ቀኖቹ ይምታታሉ።

መፍትሔው አማርኛ ውስጥ ራሱ አለ፤ ብዙ ሰው ግን ሲደነግጥ አይጠቀምበትም። «እመጣለሁ አለ» በማለት ፈንታ «እንደሚመጣ ነገረኝ» ማለት ይቻላል። «ወረቀቱን የበተነው እሱ ራሱ እንደሆነ ለፖሊስ ተናገረ» ከተባለ ሁለት ትርጉም የለውም፣ ለአስተርጓሚውም ወደ ጀርመንኛም ሆነ ወደ ፈረንሳይኛ ቃል በቃል ይሄዳል። ስም መጥራትም ይረዳል። «ነገ» በሚባልበት ቦታ ቀኑን፣ ካልታወሰም «ከዚያ በማግስቱ» ማለት ይሻላል።

ፕሮቶኮሉ ከመፈረሙ በፊት በአማርኛ ተመልሶ ይነበባል። በዚያ ሰዓት ሰው ደክሞታል፣ ቶሎ ፈርሞ መውጣት ያምረዋል። ነገር ግን ሌላ ሰው ተናገረ በተባለበት ቦታ ሁሉ አስቁሞ «ይሄ እኔ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅና ማሳረም መብት ነው፤ እርማቱም ይጻፋል። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2019 ጀምሮ በፌዴራል ማዕከሎች ጠያቂው ነፃ የሕግ ወኪል አብሮት ስለሚቀመጥ ይህን አስቀድሞ ለወኪሉ ማስረዳት ይቻላል።

እዚህ የተወለዱት ልጆች ደግሞ በተቃራኒው መንገድ እየመጡ ነው። በዙሪክ ካንቶን ልጆች ከፈረንሳይኛ በፊት እንግሊዝኛ ይጀምራሉ፤ በጄኔቫ ጀርመንኛው ይቀድማል፤ የሁሉም ደንብ ግን «እኔ»ን መለወጥ ነው። እነሱም ደንቡን ወደ አማርኛ ይዘውት ይገባሉ። አያት ከአዲስ አበባ ደውላ «እናትሽ የታለች?» ስትል፣ ልጅቱ «እማዬ ደክሟታል አለች» ብላ ትመልሳለች። አያትም በድንጋጤ «ውይ! ማን ናት ደግሞ የደከማት?»