ከመሥሪያ ቤት ሆኖ የቤትን ኮምፒዩተር ስለ መክፈት

የቡሬ ተወላጅ የሆነ አንድ ባልንጀራችን ለመመረቂያ ጽሑፉ ከምዕራብ ጎጃም ባላገር የቀዳውን የሠርግና የለቅሶ ግጥም በአባቱ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ትቶት መጣ። የማስረከቢያው ቀን ሲቃረብ፥ አዲስ አበባ በትርፍ ጊዜው ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት ሆኖ ሊከፍተው ቢሞክር እንቢ አለው። ኢንተርኔቱ እየሠራ ይህ ለምን ይሆናል? ነገሩ ብዙዎቻችንን ስለሚያገኘን ባጭሩ እንገልጸዋለን።

እንቅፋቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው በቤት በኩል ያለው ነው። እንደሚታወቀው ባገራችን ደብዳቤ የሚላከው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ ባንድ ትምህርት ቤት ሣጥን ብዙ ሰው ይጠቀማል። የቤት ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። በብዛት የሚሠራበት የኢንተርኔት አድራሻ ጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ብዙ ኮምፒዩተሮች ባንድ የውጭ አድራሻ ይጠቀማሉ። በቤት ውስጥ የሚሰጣቸው፥ ለምሳሌ በ192.168 የሚጀምረው ቁጥር፥ በውጭ አይታወቅም። ከውስጥ ለወጣ ጥያቄ የመጣ መልስ ባለቤቱን ያገኛል፤ ሳይጠራ የመጣ እንግዳ ግን ተቀባይ የለውም።

ሁለተኛው በመሥሪያ ቤቱ በር የቆመው ዘበኛ ነው። ለኮምፒዩተር ግንኙነት እስከ 65,535 የተቆጠሩ በሮች አሉ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ለድረ ገጽ የሚያገለግሉትን 80ኛውንና 443ኛውን ብቻ ይከፍታሉ። ኤስ ኤስ ኤች የተባለው የርቀት መግቢያ የተመደበለት 22ኛው በር ግን ይዘጋል። ይህን መሣሪያ የሠራው ፊንላንዳዊው ታቱ ኡለነን ነው፤ በ1995 እ.ኤ.አ. በሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ የይለፍ ቃል ሌቦች ስለ ገቡ ነበር።

መፍትሔው ሁለቱም ወደ ውጭ እንዲወጡ ማድረግ ነው። አንዱ ከቡሬ፥ ሌላው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ ላይ እንደሚገናኙ ያህል ነው። የቤቱ ኮምፒዩተር የታወቀ የውጭ አድራሻ ወዳለው ሦስተኛ ኮምፒዩተር አስቀድሞ ይደውልና መሥመሩን ክፍት አድርጎ ይቆያል፤ እኛም በ443ኛው በር ወደዚያው ሄደን በተከፈተው መሥመር ወደ ቤት እንገባለን።

ነገር ግን ዘበኛው በከንቱ አልቆመም። እኛን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሌባንም ያሳልፋል። ስለዚህ አስቀድሞ የኔትወርኩን ኀላፊ ማስፈቀድ ይገባል፤ እንቢ ካለ በገዛ ስልካችን መሥመር እንጠቀም። ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒዩተር መግባት በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል መሆኑንም እንወቅ። ለራሳችንም በር ከይለፍ ቃል ይልቅ የኤሌክትሮኒክ ቁልፍ ይሻላል።

ባልንጀራችን አስፈቅዶ ግጥሙን አገኘ። ይሁን እንጂ ቡሬ ላይ መብራት ቢጠፋ ኖሮ ብልሃቱ ሁሉ ከንቱ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየ ጊዜ እንዳየነውም፥ መንገዱ ራሱ ሲዘጋ መገናኛ ቦታ አይረዳም። እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ የቀዳችሁትን በፍላሽ ገልብጣችሁ በሁለት ቦታ አኑሩ። ግጥሙን የሰጡን እናቶች አርጅተዋል፤ ቢጠፋብን ዳግመኛ የሚነግረን አናገኝም።