የሕክምና ሙከራ በበሽታው ልክ፦ ከምሥራቅ ጎጃም የተገኘ ትምህርት

እንደሚታወቀው አንድ መድኃኒት ፈዋሽ መሆኑ የሚረጋገጠው ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ምድብ መድኃኒቱን፣ ለሌላው መልኩ ተመሳሳይ የሆነ ባዶ ክኒን በመስጠት ነው። ማን የትኛውን እንደ ወሰደ ታማሚውም ሐኪሙም አያውቁም። ይሁን እንጂ ይህ ሥርዓት ለሁሉም በሽታ አይስማማም።

ለዚህ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የዝሆኔ ዓይነት ጥሩ ምሳሌ ነው። በሽታው በትንኝ ንክሻ አይተላለፍም፤ መነሻው ከእሳተ ገሞራ አለት በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መኖርና በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች 17,553 ቤተሰቦችን አዳርሶ 1,704 ታማሚዎችን አግኝቷል።

ሕክምናው ክኒን አይደለም፤ እግርን መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። እግሩን የሚታጠብ ሰው መታጠቡን ስለሚያውቅ ሕክምናውን ከእርሱ መሰወር አይቻልም።

በመሆኑም በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደው ሙከራ ሌላ መንገድ ተከተለ። 696 ታማሚዎች በዕጣ ተመድበው፣ ከፊሎቹ ሕክምናውን ወዲያውኑ፣ የቀሩት ከ12 ወራት በኋላ እንዲያገኙ ተደረገ። ስለዚህ ከሕክምናው ለዘለቄታው የሚቀር ታማሚ አልነበረም። የክትትሉ ጊዜ ዓመት ሙሉ በመሆኑም ክረምቱንና በጋውን አካትቷል።

ዋናው መለኪያም የእግሩ ውፍረት አልነበረም። ታማሚውን ከእርሻና ከገበያ አውሎ አልጋ ላይ የሚጥለው እየደጋገመ የሚነሣው ትኩሳትና የእግር ቁስለት ሕመም ነውና፣ የተቆጠረው ይኸው ነበር፤ ታማሚዎቹ ራሳቸው በያዙት መዝገብና በየወሩ በሚደረግ ጉብኝት።

እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ሕመሙ ገና ሕክምና ባልጀመሩት ላይ በአማካይ በዓመት 23.9 ጊዜ ሲነሣ፣ በታከሙት ላይ 19.4 ጊዜ ተነሥቷል። ቅናሹ አንድ አምስተኛ ያህል ነው።

እርግጥ ነው፣ ምድቡን የሚያውቅ ታማሚ ሕመሙን አሳንሶ ሊናገር ይችላል፤ ዕጣ ይህን አያስቀርም። ደግሞም በዓመት 19 ጊዜ መታመም ቀላል ሸክም አይደለም፤ ከዚህ የተሻለ ሕክምና ገና መፈለግ አለበት። ያም ሆኖ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የሙከራ ጥብቅነት አንድን ቅርጽ በመቅዳት አይገኝም። አስቀድሞ ታማሚውን ይበልጥ የሚጎዳው ምን እንደሆነ፣ ከእርሱ ሊሰወር የሚችለውና የማይችለው የቱ እንደሆነ፣ ማንስ ለምን ያህል ጊዜ ቢጠብቅ ተገቢ እንደሚሆን መጠየቅን ይሻል።