ገመናዋን አውቆ አገርን መውደድ

«አገሬን አልወድም» የሚል ሰው በኢትዮጵያ ምድር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ገበሬው ዕርፉን ጨብጦ፥ ነጋዴው በሱቁ ተቀምጦ፥ ተማሪውም ደብተሩን ይዞ ፍቅሩን ይናገራል። ዳሩ ግን ፍቅር በቃል ብቻ የሚመዘን ቢሆን ኖሮ፥ ከኛ የበለጠ አገሩን የጠቀመ ሕዝብ በዓለም ባልተገኘም ነበር። ስለዚህ ልንጠያየቅበት የሚገባው ነገር አገራችንን እንዴት አድርገን እንደምንወዳት ነው።

አንዲት ሦስት ልጆች ያሏት እናት ታመመች እንበል። የበኵር ልጇ፥ ጎረቤት በጠየቀው ቍጥር «እናቴ ምንም አልሆነችም» እያለ ደጁን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ሕመሟን መናገር ገመናዋን ማውጣት ይመስለዋልና። ሁለተኛው ልጇ ጠጅ ቤት ገብቶ ሕመሟን እየዘረዘረ ሰውን ያስቃል፤ ማታ ወደ ቤት ሲመለስ ግን ውሃ እንኳ አያቀብላትም። ሦስተኛው ልጇ የት እንደሚያማት፥ ከመቼም ጀምሮ እንደሚያማት ጠይቆ ይረዳና በቃሬዛ አሸክሞ ከሐኪም ያደርሳታል፤ ለሐኪሙም አንዳች ሳይደብቅ ይናገራል። ከሦስቱ ማን እንደሚወዳት መናገር የአንባቢን ጊዜ ማባከን ነው። ነገር ግን ወደ አገር ጉዳይ ስንመጣ ይህን የመሰለው ቀላል ፍርድ ይጠፋብናል። ጉድለትን የደበቀውን አገር ወዳድ፥ የተናገረውን ግን ከሐዲ እያልን የጠራንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሦስተኛውን ልጅ የመሰሉ ኢትዮጵያውያን በታሪካችን አልታጡም። ከነሱም አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በ1878 ዓ. ም. በዐድዋ አጠገብ ማይ ምሻም በተባለው ስፍራ ተወልደው፥ ገና በልጅነታቸው ከምፅዋ በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻገሩ፤ ጀርመንኛም ተማሩ። በዚያው ቢቀሩ የሚወቅሳቸው አልነበረም። እሳቸው ግን ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ያዩትንም ጻፉ። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው ጽሑፋቸው በ1904 ዓ. ም. በአሥመራ ታተመ። በ1911 ዓ. ም. ገና የ33 ዓመት ሰው ሳሉ ዐረፉ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸውም ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ታትሞ ለንባብ በቃ።

በነዚህ ሁለት ጽሑፎች ነጋድራስ ገብረ ሕይወት አገራቸውን አላቈላመጧትም። የንጉሡ ገንዘብ ከመንግሥቱ ገንዘብ እንዲለይ፥ ግብሩ በልክ እንዲወሰን፥ ሕጉ ተጽፎ እንዲታወቅ፥ ትምህርትም እንዲስፋፋ አሳሰቡ። ይልቁንም ኢትዮጵያ የምድሯን ፍሬ በጥሬው እየሸጠች ሌላው ሠርቶ የጨረሰውን ዕቃ የምትገዛ እስከ ሆነች ድረስ፥ የልጆቿ ድካም ለባዕድ መበልጸጊያ እንደሚሆን አስረዱ። እነሆ ከመቶ ዓመት በኋላ ዛሬም ቢሆን ለውጭ አገር የምንሸጠው ቡና አብዛኛው ያልተቈላ ጥሬ ቡና ነው። እኚህ ሰው አገራቸውን ቢጠሉ ኖሮ በሽታዋን አንድ በአንድ ቈጥሮ ለመጻፍ ምን አደከማቸው? የሚጠላ ሰው ትቶ ይሄዳል እንጂ እንዲህ አይጨነቅም።

ጉድለትን ከመቍጠር የሚገኘውን ጥቅም ለማየት የፈንጣጣን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአገራችን ሰው። በ1963 ዓ. ም. ፈንጣጣን የማጥፋቱ ዘመቻ በኢትዮጵያ ሲጀመር፥ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለዓለም የጤና ድርጅት የተነገረው የሕሙማን ቍጥር ከ1 ሺህ ያነሰ ነበር። ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ እየተጓዙ፥ ገደሉን ወጥተው ቆላውን ወርደው በየመንደሩ መቍጠር በጀመሩበት በመጀመሪያው ዓመት ግን ከ26 ሺህ የሚበልጥ ሕመምተኛ ተገኘ። ቍጥሩን ብቻ ለሚያይ ሰው፥ አገሪቱ በአንድ ዓመት ውስጥ በድንገት የታመመች ይመስለዋል። በሽታው ግን ቀድሞም ነበረ፤ የጐደለው ቈጣሪ ነው።

በዚያን ጊዜ አንድ ሹም ተነሥቶ «ይህ ቍጥር ስማችንን ያጠፋልና ይሸሸግ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ቈጣሪዎቹ ግን ቈጠሩ፤ ከታቢዎቹም ከተቡ። በነሐሴ ወር 1968 ዓ. ም. በባሌ ዲሞ በተባለች መንደር የመጨረሻው ሕመምተኛ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ ፈንጣጣ የያዘው ሰው የለም። ዛሬ ፊቱ በፈንጣጣ ጠባሳ ያልተበሳሳ ጐልማሳ ሁሉ የነዚያ ቈጣሪዎች ባለ ዕዳ ነው።

የዚህን ተቃራኒ ደግሞ በረኃቡ ዘመን አይተነዋል። በ1965 ዓ. ም. በወሎ ረኃብ ሲገባ፥ ገበሬው የእርሻ በሬውን ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ልጆቹን ይዞ ወደ አውራ ጐዳናው ወጣ፤ የሚያልፈውንም መኪና እጁን ዘርግቶ ይለምን ጀመር። ነገሩን የሚያውቁት ሹማምንት ግን የመንግሥቱ ክብር እንዳይነካ ዝም አሉ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ ሲያሳዩ፥ ነገሩ እንደ ድፍረት ተቈጠረባቸው። በ1966 ዓ. ም. መጀመሪያ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጠኛ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን በታየ ጊዜ ዓለም ሁሉ ሰማ። ዳሩ ግን በዚያን ጊዜ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠር ሰው አልቆ ነበር። ክብሩን ለመጠበቅ ሲል ዝም ያለውም መንግሥት በመስከረም 1967 ዓ. ም. ወደቀ።

የሚያሳዝነው ነገር፥ ከዚህ ትምህርት ሳይገኝ መቅረቱ ነው። ዐሥር ዓመት ያህል ቈይቶ ሌላ ረኃብ በሰሜን ኢትዮጵያ ሲነሣ፥ ቀዳሚውን መንግሥት ረኃብ ደብቀሃል ብሎ የከሰሰው አዲሱ መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል ለማክበር ይሰናዳ ነበርና፥ የሕዝቡ መራብ በይፋ እንዲነገር አልወደደም። በጥቅምት 1977 ዓ. ም. የቆረም ሥዕል በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየና ነገሩ ዳግመኛ በባዕድ አፍ ተነገረ።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ገመናን በባዕድ ፊት መግለጥ ነውር ነው» ይል ይሆናል። ይህ ሐሳብ ከንቱ አይደለም። የዚያ ረኃብ ሥዕል የኢትዮጵያን ስም ለብዙ ዓመት ተከትሎ ኖሯል፤ በባዕድ አገር የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በዚህ የተነሣ የደረሰበትን ንቀት ያውቀዋል። የሰውን ችግር ለንግድና ለመሣቂያ የሚያደርግ ተናጋሪም መኖሩ እሙን ነው። ነገር ግን ልብ እንበል፤ በ1966ም ሆነ በ1977 ዓ. ም. ገመናችንን ባዕድ ሊያወጣው የቻለው፥ እኛ እርስ በርሳችን በጊዜው እንዳንነጋገርበት ስለ ተከለከልን ነው። የቤት ሰው ቀድሞ የተነጋገረበትን ችግር ጎረቤት ቢያወራው ብዙ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው፥ የልጆቻችንን መራብ ከጎረቤት አፍ ስንሰማ ነው።

ከዚያ በኋላ የተሻለ ነገር መደረጉንም መሰወር አይገባም። በ1997 ዓ. ም. በየዓመቱ የምግብ እጥረት የሚደርስበትን ገበሬ በሥራና በዕርዳታ የሚደግፈው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። በ2008 ዓ. ም. ዝናቡ ክፉኛ በተቋረጠ ጊዜ፥ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው በግልጽ ተነገረ፤ ቍጥሩ የሚያስደነግጥ ነበር። ነገር ግን ተቈጥሮ የታወቀ ስለ ሆነ እህሉ ከብዙ ስፍራ ደረሰ፤ የ1977 ዓ. ም. ዐይነት እልቂትም አልታየም። እንግዲህ አገራችንን ያዋረዳት የትኛው ነው? የ2008ቱ ግልጽ ቍጥር ነው ወይስ የ1965ቱ ዝምታ?

ከዚህ ቀጥሎ ስለ አንዲት ትንሽ ቃል እንናገር፤ ይህችውም «እኛ» የምትለው ናት። የዐድዋ ድል በተነሣ ጊዜ ሁላችንም «እኛ ድል አደረግን» እንላለን፤ ከኛ ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በዚያ የነበረ ማንም የለም። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ. ም. በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ሲያሸንፍ ያሸነፍነው «እኛ» ነን። መብራት ሲጠፋ፥ መዝገብ ሲሰወር፥ ባለ ጉዳይ «ነገ ተመለስ» ሲባል ግን «ይህች አገር!» «ይህ ሕዝብ!» «የሐበሻ ነገር!» እንላለን። ያን ጊዜ ለመንገድ ያለፍን እንግዶች እንመስላለን። ድሉ የኛ፥ ጉድለቱ የሌላ ይሆናል።

ይህ አካፋፈል እውነተኛ አይደለም። የዐድዋን ክብር የወረሰ ሰው ከዚያው ዘመን የመጣውን ዕዳ አብሮ ይወርሳል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ. ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ትልቁ ክርክር በአገሯ ስለ ነበረው የባሪያ ንግድ ነበር። በዚያው ዓመት ባሮችን ነጻ ለማውጣት ደንብ ወጣ፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1934 ዓ. ም. በወጣው ዐዋጅ ነው። የተሸጡትም የሸጡትም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ከ2013 እስከ 2015 ዓ. ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተደረገው ጦርነት ስንቱ ቤት እንደ ተዘጋ ሁላችንም እናውቃለን። በዚህም ሐዘን ብዙዎቻችን የምንቈጥረው የራሳችንን ወገን ሙት ብቻ ነው፤ የማዶውን ሙት ስንሰማ ጆሯችን ይደነቍራል። «እኛ» የምትለው ቃል የማዶዋን እናት ካላቀፈች፥ አገር የሚለውም ቃል ትርጕሙ የጐደለ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ስንል የሚወደድ ነገር የለንም ማለታችን አይደለም። በገዛ ፊደሉ የሚጽፍ፥ በገዛ ዘመን አቈጣጠሩ ዓመቱን የሚቀበል ሕዝብ ነን። አንድ ቤት ሲያዝን ድንኳኑን ተክሎ፥ ንፍሮውን ቀቅሎ፥ ሐዘንተኛውን ከቦ የሚሰነብት ዕድር አለን። መንገደኛ ደጅ ሲቆም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ የሚቀበል ድኻ ገበሬ አለን። ጧት የሚፈላው ቡና ጎረቤትን ሳይጠራ አይጠጣም። እነዚህ ነገሮች የጉድለታችን መሸፈኛ ሊሆኑ አይገባቸውም፤ ጉድለታችንን የምናስወግድባቸው መሣሪያዎች ሊሆኑ ይገባል። በሐዘን ጊዜ ደብተር ይዞ የመጣውንና የቀረውን የሚቈጥር ዕድር፥ የሰፈሩን ቦይ መደፈንና የትምህርት ቤቱን ጣራ ማፍሰስ ቢቈጥር ማን ይከለክለዋል?

እንግዲህ አገርን መውደድ በየሰዉ እጅ ባለው ሥራ ይፈተናል። ጸሓፊው የሰወረውን መዝገብ ፈልጎ ለባለ ጉዳዩ ቢሰጥ፥ መምህሩ ያልገባውን ተማሪ ሳይደብቅ ለወላጅ ቢያስታውቅ፥ የወረዳው ሹም የጐደለውን እህል ሳይጨምር ሳይቀንስ ለበላዩ ቢጽፍ፥ ጋዜጠኛውም የተጻፈውን ሳያለዝብ ቢያወጣ፥ ማንም ዘፈን ባያወጣላቸው እንኳ እነዚህ ሰዎች አገራቸውን ወደዱ ይባላል። ሐሜተኛውም ቢሆን የመጀመሪያውን እርምጃ ይዟል፤ ጉድለቱን አይቷልና። የቀረው ነገር «ይህች አገር» ማለቱን ትቶ «አገራችን» ማለት፥ ከዚያም ቃሬዛውን በአንድ ወገን ማንሣት ነው።

ዛሬ እሑድ ነው፤ ነገ ሁላችንም ወደየሥራችን እንገባለን። እያንዳንዱ አንባቢ በሥራ ቦታው ተሸፍኖ የኖረ አንድ ጉድለት እንደሚያውቅ እናምናለን። ያን አንዱን ነገር ነገ ጧት ለሚመለከተው ሰው በትሕትና ይንገር፤ ለማቃናቱም እሱ ራሱ የሚችለውን ያህል ለመሥራት ይዘጋጅ።