ስሙ ሲለወጥ ግዴታውም ይለወጥ

በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ የሰው እጅ አጥብቆ የሚፈለግበት ወቅት አጭር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሰሊጡ ይታረማል፤ መስከረም ሲጋመስ አጨዳው ይደርሳል። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን፣ የቋጠረው ፍሬ ሳይፈነዳ ታጭዶ፣ ታስሮና ሂላ በሚባለው ክምር ካልቆመ የዓመቱ ልፋት ዋልካው ላይ ይረግፋል። ይህን ሥራ ለፍጻሜ የሚያበቃው በብዛት ከጎንደር ደጋ፣ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርደው ሠራተኛ ነው። ባለሀብቱም፣ ወኪሉም፣ ካቦውም የሚጠሩት ግን «የቀን ሠራተኛ» እያሉ ነው። በሥራ ደህንነትና ጤንነት ሙያ ላይ ላለ ሰው ይህ አጠራር በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ሰዎች በሥራ ቦታ ስለሚጠሩባቸው ስሞች ሲነሳ ነገሩን የጨዋነት ጉዳይ አድርገን እናየዋለን፤ «አትሳደብ» ተብሎ የሚያልቅ ይመስለናል። እኔ የምለው ከዚህ ይሰፋል። በሥራ ቦታ ላይ ስም ማን ለማን ምን ዕዳ እንዳለበት ይወስናል። ስለዚህ የሚያዋርድን ወይም የሚያሳስትን ስም መለወጥ ተገቢ ነው፤ ለውጡ የሚጸናው ግን አዲሱ ስም አዲስ ግዴታ ይዞ ሲመጣ ብቻ ነው።

የቀን ሠራተኛ የሚለውን ስም በሕግ ዓይን እንመርምረው። ከአረም እስከ አጨዳ በአንድ እርሻ የሚከርም ሰው የወቅት ሠራተኛ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወቅታዊ ሥራ የተወሰነ ጊዜ ውል እንዲደረግ ይፈቅዳል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዝዛል። ሥራውን በቀን በስምንት ሰዓት፣ በሳምንት በአርባ ስምንት ሰዓት ይገድባል። ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። «የቀን» የምትለው አንዲት ቃል ይህን ሁሉ ከዓይን ትሰውራለች። ቀኑ ሲመሽ ግንኙነቱም አብሮ የመሸ ይመስላል። ሠራተኛው በወባ ሲወድቅ ወይም ማጭድ ሲቆርጠው «እሱ እኮ የቀን ሠራተኛ ነው» ማለት መልስ ይሆናል፤ ራሱ ሠራተኛውም ስሙን ተቀብሎ የሚጠይቀው ነገር ያለ አይመስለውም። ስሙ ስድብ የለበትም፤ ማንንም አያስቀይምም። ጉዳቱ ግን ከብዙ ስድብ ይከፋል፤ የወራትን አብሮነት ወደ አንድ ቀን አሳጥሮ ዕዳውን ይሰርዛልና።

ስም እጅን እንደሚመራ የሚጠራጠር ካለ፣ እርሻው ላይ የሚረጨውን ኬሚካል ያስብ። በአገራችን ፀረ ተባዩም ፀረ አረሙም በተለምዶ «መድኃኒት» ይባላል። ማላታዮን መድኃኒት ነው፤ የአረም ማጥፊያውም መድኃኒት ነው። መድኃኒት የተባለን ነገር ሰው አይፈራውም። በባዶ እጁ ይበጠብጠዋል፤ አፍንጫውን ሳይሸፍን ነፋስ ፊት ለፊት ቆሞ ይረጨዋል፤ ባዶውን ጀሪካን አጥቦ የመጠጥ ውሃ ይቀዳበታል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 እነዚህን ምርቶች በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ያደረገው ጎጂ ስለሆኑ ነው። እርሻው ላይ ግን የሕጉ ጥንቃቄ የሚደርሰው በስም በኩል ነው፤ ስሙ ፈውስ ካለ እጁም ፈውስ እንደያዘ ያህል ይዘናጋል። እዚህ ላይ የሚሰደብ ሰው የለም፤ የሚያስቀይም ነገርም የለም። ሆኖም «መርዝ» ብሎ መጥራት ብቻውን አንድ የጥንቃቄ ትምህርት ነው፤ ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛና መታጠቢያ ውሃ ከተጨመሩበት ደግሞ ሕይወት ያተርፋል። ያለ ጓንቱ ግን ስሙ ማስፈራሪያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የጉዳዩ ሁለት ወገን በዚህ በጉልህ ይታያል።

መጀመሪያ የሚነሳው ተቃውሞ «ይህ የስም ለውጥ ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው» የሚል ነው። ታሪካችን ግን ሌላ ይላል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን በሙያው መስደብ ከልክለዋል፤ የሚሳደበውም እንደሚቀጣ አስታውቀዋል። ምክንያታቸውም የጥበብ ሰው በሥራው እየተሰደበ አገር ሊሠለጥን አይችልም የሚል ነበር። በሥራ ቦታ አጠራር ላይ የወጣ የመንግሥት አዋጅ በኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው። ታዲያ ለምን ስድቡ አልጠፋም? እንደ እኔ ግምት መልሱ ያለው በመሬቱ ላይ ነው። በጎንደር ምድር ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ሸማኔው በብዛት ርስት አልነበራቸውም፤ ቤተ እስራኤሎችና ሙስሊሞችም በአብዛኛው ከርስት የተገለሉ ነበሩ። ማረሻ ሠርቶ የሚሰጥ ሰው የሚያርሰው የራሱ መሬት ከሌለው በጎረቤቱ ፈቃድ የሚኖር ጥገኛ ነው፤ ጥገኛን ደግሞ መስደብ ቀላል ነው። አዋጁ ምላስን አዘዘ፤ ጥገኝነቱን ግን ሳይነካ ተወው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በእጁ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ እስከ አሥር ሄክታር መሬት የማግኘት መብት ሲሰጥ ግን የነገሩ ሥር ተነካ። ስድቡ በአንድ ጀንበር አልጠፋም፤ ዛሬም በየመንደሩ ቅሪቱ አለ። ሆኖም «የእጅ ባለሙያ» የሚለው ስም የሚቆምበት መሬት አገኘ።

መተማ ለዚህ ክርክር ባዕድ ቦታ አይደለችም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመተማ ገበያ ከቡናና ከሰም ጋር ሰው የሚሸጥበት ገበያ ነበር፤ የታፈኑ ሰዎች በጋላባት በኩል ወደ ሱዳን ይነዱ ነበር። በመተማና በቋራ የሚኖሩት ጉሙዞች ለረጅም ዘመን የተጠሩት ባሪያ ፈንጋዮች ይጠሯቸው በነበረው ስም ነው። ያንን ስም እዚህ መድገም አያስፈልግም። ባሪያ ፍንገላን የሚከለክሉ ድንጋጌዎች በ1916 እና በ1934 ዓ.ም. ቢወጡም ስሙ ከፍንገላው በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። ሕዝቡ ራሱ በሚጠራበት ስም በመንግሥት መዝገብ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ይህን ታሪክ የያዘ አካባቢ፣ የዓለም ወርክሾፖች አንዱን የማሽን ክፍል «ጌታ» ሌላውን «ባሪያ» ማለትን ለመተው ሲነሱ ነገሩ ሊገባው ይገባል። የሎስ አንጀለስ አውራጃ አስተዳደር በ2003 እ.ኤ.አ. ዕቃ አቅራቢዎቹን ይህን አጠራር እንዲተዉ ጠይቋል፤ የኮምፒውተር ባለሙያዎችም ከዚያ ወዲህ ተከትለዋል። እዚህ ላይ ግን መለየት ያስፈልጋል። በትራክተር ጋራዣችን አንዱን መጋጠሚያ ወንዴ፣ ሌላውን ሴቴ ማለት የዕቃውን ቅርጽ ይናገራል እንጂ ማንንም ዝቅ አያደርግም። ጠንቃቃ ሰው ጉልበቱን እዚያ ላይ አያባክንም። መለኪያው ይህ ነው፤ ስሙ በሰው ላይ የደረሰን በደል እንደ ተራ ነገር ያስለምዳል ወይ? ካስለመደ ይለወጥ፤ ካላስለመደ ባለሙያው በለመደው ይግባባ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ አዲስ ስም አሮጌውን በደል የሚሸፍን ካባ ይሆናል የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለበት። ድሮ ገረድ ትባል የነበረችው ዛሬ በጨዋ ቤት የቤት ሠራተኛ ትባላለች። ሠራተኛ ግን የሠራተኛ ሕግ ያለው ሰው ነው። አዋጅ 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ከተፈጻሚነቱ ወሰን አስወጥቶ፣ ጉዳዩ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። ስሟ ሠራተኛ ሆነ፤ የሥራ ሰዓቷ፣ ዕረፍቷና የጉዳት ካሳዋ ግን አዋጁ ለፋብሪካ ሠራተኛ በሰጠው ልክ አልተጠበቀላትም። በአንጻሩ «አካል ጉዳተኛ» የሚለው ስም «አካለ ስንኩል» የሚለውን ሲተካ ብቻውን አልመጣም። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው በቅጥርና በምደባ እንዳያዳላ፣ የሥራ ቦታውንም ለጉዳተኛው እንዲያመቻች ግዴታ ጣለበት። አፈጻጸሙ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ቢሆንም ዛሬ በትራክተር እግሩን ያጣ ሰው ስሙን ጠቅሶ የሚጠይቀው መብት አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የተቃዋሚው መደምደሚያ እንደማይከተል እናያለን። ባዶ ስም ቢኖር መድኃኒቱ ወደ ስድቡ መመለስ አይደለም፤ ስሙን መሙላት ነው። «የቤት ሠራተኛ» የሚለው ስምም ቢሆን፣ የጎደለውን ሕግ ለመጠየቅ አፍ ይሰጣል፤ «ገረድ» የሚለው ግን ይህን እንኳ አይሰጥም።

ሦስተኛው ወገን የሥራ ሰው ነው። «ሰሊጥ እየረገፈ ስም ስንመርጥ እንዋል?» ይላል፤ ከዚያም በላይ ሰው በእያንዳንዱ ቃል የሚያዝ ከሆነ ካቦም ሠራተኛም አፉን ዘግቶ ይውላል፣ አፍ የሚያዘጋ ፍርሃት ደግሞ በራሱ የሥራ አደጋ ነው ይላል። ይህ ስጋት ተገቢ ነው፤ የአደጋ ምልክት ያየ ሰው በፍጥነትና ሳይሳቀቅ መጮህ አለበት። ለዚህም ነው ስም የማስተካከል ሥራ ከሰው ምላስ መጀመር የለበትም የምለው። በተጨማሪም የትኛው ስም እንደሚያዋርድ መወሰን ያለበት በስሙ የሚጠራው ሰው ነው። በቆላው ብዙ ወቅት የከረመ፣ ሥራውንም አገሩንም የለመደ ሠራተኛ «ሳሉግ» ይባላል። ከውጭ የመጣ ባለሙያ ይህን ቃል ሰምቶ ስድብ መስሎት በ«ተዘዋዋሪ ሠራተኛ» ሊተካው ይችል ይሆናል። ሳሉግነት ግን ልምድ ነው፤ ገና ከደጋ የወረደ ሰው የማያውቀውን፣ የሰሊጥን አስተሳሰርና የሂላን አቋቋም ማወቅ ነው። ባለቤቱ የሚኮራበትን ስም ቢሮ ቁጭ ብሎ መሰረዝ ራሱ ንቀት ነው። በሌላ በኩል ሠራተኞቹ ራሳቸው ያስከፋናል ሲሉ፣ ልማድ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። መጠየቅ ጊዜ አይወስድም፤ የሰውን ስም ማወቅም ከ«አንተ» የሚበልጥ ፍጥነት አለው፤ በአደጋ ሰዓት በስሙ የተጠራ ሰው ፈጥኖ ዞር ይላልና።

ስለዚህ ለውጡ ከወረቀት ይጀምር። ወረቀቱ የሚከፈልበትና የሚጠየቅበት ስለሆነ እዚያ ላይ የተስተካከለ ስም ግዴታውን ይዞ ይመጣል። የደመወዝ መክፈያው ላይ «የቀን ሠራተኛ» የሚለው ቀርቶ «የወቅት ሠራተኛ» ተብሎ የገባበት ቀን፣ የትውልድ ቦታውና ሙሉ ስሙ ይጻፍ። ከ15 ቀን በታች ሠርቶ ወደ ሌላ እርሻ የሚሻገር እንዳለ አውቃለሁ፤ የደህንነት ጥበቃና የጉዳት ኃላፊነት ግን ከመጀመሪያው ሰዓት ይጀምራሉ፤ ስለዚህ እሱም ይመዝገብ። ይህ ዝርዝር ለጤናም ይረዳል። የካላዛርን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው ስንጥቅና በዛፍ ሥር ትሸሸጋለች፤ ሠራተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያድረው ሜዳ ላይ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የተነሳው የካላዛር ወረርሽኝ ከቆላው እርሻ ከተመለሱ ሠራተኞች ጋር ተያይዟል። ማን እንደሠራና ወዴት እንደተመለሰ የሚናገር መዝገብ ካለ በሽተኛው ደጋ ገብቶ ሳይጎሳቆል ሊደረስበት ይችላል። የኬሚካል መጋዘኑ በር ላይ «መርዝ» ተብሎ በአማርኛ በትልቁ ይጻፍ፤ ከሥሩም ጓንትና ጭምብል ይሰቀል። የባለሙያ ጉብኝት ደግሞ «ምን ብላችሁ ትጠሯቸዋላችሁ?» ብሎ አይብቃው፤ «በዚህ ስም የሚጠራው ሰው ቢጎዳ ምን ያገኛል?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ ስሙ ምንም ያህል ቢያምር ሥራው ገና አልተጀመረም። ደገኛው ለአረም ከመውረዱ በፊት፣ በሰኔ፣ ይህ ወረቀት በየእርሻው ተዘጋጅቶ ሊጠብቀው ይገባል።