የውርንጭላ እግር የሚቀናው በጊዜው ነው

ከወላይታ ሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ አረካ ትገኛለች። ከተማዋ በእንሰት ምርምር ማዕከሏ ትታወቃለች። በዙሪያዋ የሚመረተውን እህልና ሥራ ሥር ከማሳ ወደ ገበያ በማድረስ በኩል የጋማ ከብት ድርሻ ትልቅ ነው። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት፤ 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረስም አላት። የእነዚህ እንስሳት ዋጋ በእግራቸው ነው። እግሩ የተጣመመ ውርንጭላ አድጎ ጭነትም ጋሪም አይችልም፤ ቢጫንም መገጣጠሚያው ቶሎ ያልቅና ዕድሜ ልኩን ያነክሳል። ይሁንና ከእነዚህ ውርንጭሎች ብዙዎቹ በጊዜ ከታዩ ይድናሉ። ጥቂቶቹ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል፤ አብዛኞቹ ግን ያለ ቢላ ይቃናሉ።

ችግሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የአጥንት ወደ ጎን መጣመም ነው። የፊት ጉልበቶች ተቀራርበው ከዚያ በታች ያለው እግር ወደ ውጭ ሊሄድ ይችላል፤ በተለይ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደግሞ እግሩ ወደ ውስጥ ሊታጠፍ ይችላል። ሁለተኛው የጅማት ማጠር ነው። ጅማቱ አጥንቱን ስለሚስበው ውርንጭላው ተረከዙ መሬት ሳይነካ በሰኮናው ጫፍ ይቆማል፤ ሲብስ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ፊት ይታጠፋል።

መነሻው ብዙ ነው። ባዝራ 11 ወር ገደማ፣ እንስት አህያ ደግሞ 12 ወር ገደማ ታረግዛለች። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ውርንጭላ የጉልበቱና የቋንጃው ትንንሽ አጥንቶች ገና አልጠነከሩም፤ ሲቆምባቸው ይደፈጠጣሉ። የእርጉዟ እናት ሕመምና የመኖ ማዕድን መዛባትም ለችግሩ ያጋልጣሉ። ከተወለደ በኋላ አንዱን እግር አሞት ክብደቱን ሁሉ በሌላው ላይ የሚጥል ውርንጭላ ደህነኛው እግሩ ሊጣመም ይችላል።

የተጣመመ አጥንት ሕክምና የሚቆመው በአንድ እውነት ላይ ነው። የልጅ አጥንት በርዝመት የሚያድገው ከመሐሉ አይደለም፤ ጫፉ አካባቢ ካለ የልም አጥንት መስመር ነው። የመስመሩ አንድ ጎን ፈጥኖ ሌላው ከዘገየ እግሩ ወደ ዘገየው ጎን ይታጠፋል። ሐኪሙ አጥንቱን በጉልበት አያቃናውም፤ ፈጣኑን ጎን ይዞ ዘገምተኛው እስኪደርስበት ይጠብቃል። ስለዚህ መስመሩ ማደጉን ካቆመ ይህ መንገድ ይዘጋል። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለው መስመር አብዛኛውን እድገቱን የሚጨርሰው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ነው። ከፊት ጉልበት በላይ ያለው ደግሞ እስከ 6 ወይም 8 ወር ድረስ በፍጥነት ያድጋል፤ ከዚያም በኋላ በዝግታ ይቀጥላል። በዚህ ምክንያት ቁርጭምጭሚቱ የተጣመመ ውርንጭላ ሁለት ወር ሳይሞላው ካልታየ ብዙ ዕድል ያመልጠዋል፤ ጉልበቱ የተጣመመው ግን የተሻለ ፋታ አለው።

ታዲያ እያንዳንዱ ጠማማ እግር በሽታ አይደለም። ጤነኛ ውርንጭላ ሲወለድ የፊት እግሮቹ ከጉልበት በታች በጥቂት ዲግሪ ወደ ውጭ ቢያዘነብሉ የተለመደ ነው፤ ደረቱ እየሰፋ ሲሄድ ራሱ ይስተካከላል። ጅማታቸው ልል ሆኖ የሚወለዱም አሉ፤ አብዛኞቹ በመጠነኛ እንቅስቃሴ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይጠነክራሉ። የሚያሳስበው ማዘንበሉ ሲብስ፣ አንዱ እግር ብቻ ሲጣመም፣ እብጠት ወይም ማነከስ ሲኖር ነው።

የመጀመሪያው ሕክምና ዕረፍት ነው። ውርንጭላው ከእናቱ ጋር በጠባብና ደረቅ ቦታ ይቆያል፤ ከእናቱ ኋላ ገበያ ለገበያ አይነዳም። በመቀጠል ሰኮናው በሞረድ ይስተካከላል። ከጉልበት በታች ወደ ውጭ ለሚሄድ እግር የሰኮናው የውጭ ጠርዝ፣ ወደ ውስጥ ለሚታጠፍ የውስጥ ጠርዝ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ጥቂት በጥቂት ይሞረዳል። አጥንታቸው ላልጠነከረ ውርንጭሎች ግን ከዕረፍቱ በተጨማሪ በጥጥ በደንብ የተደረበ መደገፊያ ሊታሰርላቸው ይገባል።

ለአጭር ጅማት በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱ ያለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ኦክሲቴትራሳይክሊን ሌላ ሥራ አለው። ውርንጭላው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተለመደው እጅግ በበዛ መጠን፣ እስከ 3 ግራም፣ በደም ሥር በዝግታ ሲሰጥ ጅማቱን ያላላል። ነገር ግን እንገር በደንብ ያልጠባና ውኃ ያነሰው ውርንጭላ ኩላሊት ሊጎዳበት ይችላል። ስለዚህ ይህ የሐኪም ሥራ እንጂ ባለቤቱ መርፌ ገዝቶ በጡንቻ የሚወጋው አይደለም።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ቀዶ ሕክምና ይመጣል። ሐኪሙ በራጅ ካየ በኋላ ውርንጭላውን ሙሉ በሙሉ ያደነዝዘዋል። ከዚያም እግሩ በጎበጠበት በኩል፣ ፈጥኖ በሚያድገው ጎን፣ በማደጊያው መስመር ላይ አንድ ብሎን አስተላልፎ ያስገባል፤ ወይም ከመስመሩ በላይና በታች ሁለት ብሎን አስገብቶ በሽቦ ያያይዛቸዋል። እግሩ በሳምንታት ውስጥ ይቀናል። የቀና ዕለት ብሎኑ መውጣት አለበት፤ ከተረሳ እግሩ ወደ ሌላው ጎን ይጣመማል። በዚህ ምክንያት ለክትትል የማይመለስ ባለቤት ቀዶ ሕክምናውን ባይጀምረው ይሻላል። ለአጭር ጅማት ደግሞ ዋናው ጅማት ሳይነካ ከላይ የሚይዘው አጋዥ ጅማት ብቻ ይቆረጣል፤ ተረከዙም ወደ መሬት ይወርዳል።

የአጥንትን እድገት በአንድ ጎን የመግታቱ ዘዴ ከሰው ሕክምና የመጣ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ዋልተር ብላውንት በ1949 (እ.ኤ.አ.) የልጆችን የአጥንት እድገት በብረት መቆንጠጫ መግታት እንደሚቻል አሳይተዋል። በፈረስ ላይ የተስፋፋው የሩጫ ፈረስ ውድ በሆነባቸው አገሮች ነው። በእነዚያ አገሮች በዘገየው ጎን የአጥንቱን ልባስ መቁረጥና ማንሳት ለዓመታት ተወዳጅ ቀዶ ሕክምና ነበር። በ2002 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የካናዳ ጥናት ግን ዕረፍትና የሰኮና ሙረዳ ብቻ ካገኙት ውርንጭሎች የተለየ ውጤት አላገኘበትም። ይህ ውጤት ለአረካ ገበሬ ተስፋ ነው፤ ቤቱ ያለው ሞረድና ትዕግሥት ብዙ ጊዜ ከውዱ ቢላ አያንስም ማለት ነውና።

ጉዳት የሚያደርስ ልማድ ግን አለ። የታመመን እግር በጋለ ብረት መተኮስ በአገራችን የቆየ ነው፤ አጥንት ግን በመተኮስ አይቀናም። ቃጠሎው ቁስል ጨምሮ ውርንጭላውን ያሠቃያል፣ ሊታከምበት የሚገባውንም ሳምንት ይበላል። በእንጨትና በገመድ አጥብቆ ማሰርም ቆዳን ያቆስላል፣ ደም ያግዳል።

መፍትሔው ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ውርንጭላው በተወለደ ማግሥት ደልዳላ መሬት ላይ አቁሞ ከፊትና ከኋላ ማየት፤ ከዚያ በ2 ሳምንት፣ በ1 ወርና በ2 ወር መድገም። በእያንዳንዱ ጊዜ ከአንድ ቦታ በስልክ ፎቶ ማንሳት ለውጡን ለሐኪሙ በግልጽ ያሳያል። ካልተሻለው የወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ አለ፤ በዞኑ ከተማም የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል። የጋማ ከብት ሕክምና ልምድ የሰፋባት ቢሾፍቱም አለች፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚገኘው እዚያ ነው።

ከባለሙያዎቹም የሚጠበቅ አለ። ለከብት ክትባት ቀበሌ የሚወርድ ባለሙያ በዚያው ጉዞ አዲስ የተወለዱ ውርንጭሎችን እግር አይቶ ሰኮና ማስተካከልን ለባለቤቶቹ ቢያሳይ ተጨማሪ ወጪው ሞረድ ብቻ ነው። ሶዶ ላይ የሚሠለጥኑ ወጣት ሐኪሞች ደግሞ ብሎን ማስገባትንና አጋዥ ጅማት መቁረጥን በተግባር ቢማሩ፣ ሁለት ወር ያልሞላው ውርንጭላ ሩቅ መንገድ ሳይጓዝ በጊዜው ይታከማል። አንድ አህያ ወይም አንድ ፈረስ ለቤተሰቡ የገበያ መንገዱም የልጆቹ ደብተርም ነው፤ በሁለት ወር ንቃት ሊተርፍ የሚችል እግር በቸልታ መጥፋት የለበትም።